«አየሽ?» አለኝና ቴሌቪዥኑን አጠፋው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍልዎ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 29 ነው፣ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። በቅርቡ መሥሪያ ቤቴ ሌላ ከተማ ያለ ቅርንጫፉን እንድመራ መረጠኝ። ለሁለት ዓመት ነው። ይህን ቦታ ስመኘው ኖሬያለሁ። እጮኛ አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዜናውን በሰማሁበት ቀን ነገርኩት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንስቶት አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ አብረን ፊልም አየን። ሴትዮዋ ትልቅ ድርጅት ትመራለች። ባሏ ጥሏት ሄደ፣ ልጇም ራቀቻት። መጨረሻ ላይ ብቻዋን መስኮት ላይ ቆማ የከተማውን መብራት ስታይ ፊልሙ አለቀ። እሱ «አየሽ?» አለኝና ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ሳስበው ያየኋቸው ፊልሞች ብዙዎቹ እንደዚያ ነው የሚያልቁት። ይሄ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ አይሠራውም፤ እውነት ቢኖረው ነው እላለሁ። ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን? መልስ የምሰጠው በመጪው ዓርብ ነው።

እንቅልፍ ያጣሁት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅሽኝ ስለ ፊልሙ ነው፤ እኔን የያዘችኝ ግን «አየሽ?» የምትለዋ ቃል ናት። እሷን በኋላ እመለስባታለሁ። አስቀድሜ ለጠየቅሽኝ ልመልስ።

ያንን መስኮት አውቀዋለሁ። ስንቴ አይቼዋለሁ! ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታን ትቆማለች። ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል። ክፍሉ እየሰፋ፣ እሷ እያነሰች ትሄዳለች። ሙዚቃው ይጠፋና ዝምታ ብቻ ይቀራል። እኛም ተቀምጠን «ውይ፣ ስታሳዝን» እንላለን። እስቲ አሁን እዚያው መስኮት ላይ ወንድ አቁሚበት። ያው ሌሊት፣ ያው መብራት፣ ያው ባዶ ቤት። ካሜራው ወደ ፊቱ ይጠጋል። ሙዚቃው ከፍ ይላል። እሱም ብቻውን ነው፤ እኛ ግን «እዚህ ደረሰ!» እንላለን። ኑሯቸው አንድ ነው፤ የተለየው የካሜራው ርቀትና የሙዚቃው ድምፅ ነው። ቅዳሜ ማታ ያስፈራሽ እሱ ነው።

ሌላም ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ሴት ጓደኛ ነበራት? እህትስ? የልቧን የምትነግራት ባልደረባስ? በ1985 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) አሊሰን ቤክደል የምትባል አሜሪካዊት የካርቱን ሠዓሊ አንድ ቀላል መመዘኛ በሥዕል አወጣች። ሐሳቡን ያገኘችው ከጓደኛዋ እንደሆነ ራሷ ተናግራለች። ፊልሙ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሴቶች አሉ? እርስ በርስ ያወራሉ? ከወንድ ሌላ ስለሆነ ነገር ያወራሉ? በቃ ይሄው ነው። የምትወጃቸውን ፊልሞች በዚህ ለክተሽ እያቸው፤ ስንቶቹ እንደሚወድቁ ስታዪ ትገረሚያለሽ። የመስኮቷ ሴትም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው የምትወድቀው። ብቻዋን የቀረችው ስለሠራች ይመስለናል። ነገር ግን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ጓደኛ የጻፈላት ሰው አልነበረም። አንቺ ግን እንቅልፍ ስታጪ የምትደውዪላት አንዲት ሴት እንደማታጪ እርግጠኛ ነኝ።

«ይሄ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ አይሠራውም» ላልሽው ደግሞ፣ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ ላሳይሽ።

በ1942 ካትሪን ሄፕበርን የተወነችበት «የዓመቱ ሴት» የሚባል ፊልም ወጣ። ታሪኩ ስለ አንዲት ስመ ጥር ጋዜጠኛ ነው። ቋንቋ ታውቃለች፣ ፖለቲካ ታውቃለች፣ ትልልቅ ሰዎች ይደውሉላታል። የስፖርት ጋዜጠኛ አገባች፣ ትዳሩም ተናጋ። መጨረሻ ላይ ባሏን ለመመለስ ኩሽና ገብታ ቁርስ ልትሠራለት ትሞክራለች። ትዕይንቱ ረጅም ነው። ቡናው ገንፍሎ ይፈሳል። ሊጡ ከመጋገሪያው እያበጠ ይወጣል። ያቺ ዓለምን የምታስረዳ ሴት ቁርስ መሥራት አቅቷት ግራ ስትጋባ እናያለን። ሰው እንዲስቅባት ነው የተቀረጸው። እውነቱን ለመናገር ባሏ «ሥራሽን ተዪ» አላላትም፤ ሁለቱንም ሁኚ ነው ያላት። ግን ከፊልሙ ወጥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይዞ የሚሄደው የቱን ነው? ኩሽናውን ነው።

አሁን የምነግርሽን ልብ በዪልኝ። ያ ኩሽና በመጀመሪያው ስክሪፕት ውስጥ አልነበረም። ሌላ መጨረሻ ነበር የተጻፈው። ስቱዲዮው አልወደደውም። ሴትዮዋ ትንሽ ዝቅ ማለት አለባት ተባለ፤ ሌላ ጸሐፊ ተጠራና ኩሽናው ተጨመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጸሐፊዎች በለውጡ ደስ አላላቸውም። ስለዚህ የእሷን ዕጣ የወሰነው ሕይወት አይደለም፤ ቢሮ ውስጥ ተሰብስበው «እንዲህ ብናደርጋትስ?» የተባባሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቆይቶ «ሚልድረድ ፒርስ» ወጣ። ልጆቿን ለማሳደግ አስተናጋጅ ሆና የጀመረች እናት፣ በኋላ የብዙ ምግብ ቤቶች ባለቤት ትሆናለች። ፊልሙ በግድያ ይከፈትና በፖሊስ ጣቢያ ያልቃል። ታሪኩ የተወሰደበት ልብ ወለድ ውስጥ ግን ግድያ የለም። የተጨመረ ነው። መጨረሻ ላይ ሚልድረድ ከመጀመሪያ ባሏ ጋር ወደ ንጋቱ ብርሃን ትወጣለች። ከበስተኋላቸው ሁለት ሴቶች ተንበርክከው የሕንፃውን ወለል ይፈትጋሉ። ምንም አይናገሩም፤ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ያን ምስል ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ሚልድረድ በአጠገባቸው አልፋ ሄደች፤ እነሱ ግን እንደተንበረከኩ ቀሩ።

በዚያን ዘመን ሆሊውድ የሚተዳደርበት የሥነ ምግባር ደንብ ነበር። ከ1934 ጀምሮ ጠበቅ ብሎ ተሠራበት፣ እስከ 1968ም ቆየ። ጥፋት ያለ ቅጣት አይለፍ፣ ጋብቻና ቤት ክብራቸው ይጠበቅ ይላል። ሴት አትሥራ አላለም። ሆኖም ቤቷን ትታ የወጣች ሴት ታሪክ ሲጻፍ መጨረሻው ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያቅትሽም። ደንቡ ከተሻረ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ልማዱ ግን አልተሻረም። አንዱ ከአንዱ ሲቀዳ፣ አሁን ያንቺ ቤት ቴሌቪዥን ድረስ መጣ።

ሁሌም እንዲህ ነበር እንዳትይ ደግሞ። አሊስ ጊ የምትባል ፈረንሳዊት ፊልም መሥራት የጀመረችው በ1896 ነው፤ ሲኒማ ራሱ ገና በተወለደ በዓመቱ! በ1910 አሜሪካ ውስጥ የራሷን የፊልም ድርጅት አቋቋመች። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ሲበዛ በሩ ጠበበ። በ1930ዎቹ በትልልቆቹ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ውስጥ ፊልም ስትመራ የምትታየው ሴት ዶሮቲ አርዝነር ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። የኦስካርን የዳይሬክተርነት ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ካትሪን ቢግሎ ናት፤ በ2010። ሽልማቱ ከተጀመረ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ማለት ነው። «ይሄ ሁሉ ሰው» ያልሻቸው እንግዲህ በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ፤ የፈሩትን ነው የቀረጹት።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የ1948ቱ «ቀዮቹ ጫማዎች» ነው። እጅግ ውብ ፊልም ነው፤ ለዚህም ነው የሚያንገበግበኝ። ቪኪ የምትባል ዳንሰኛ ናት። የዳንስ ቡድኑ አለቃ ዳንስን ምረጪ ይላታል። ባሏ ጁልያን እኔን ምረጪ ይላታል። ሁለቱ ሲጎትቷት ራሷን ከፎቅ ጥላ ባቡር ፊት ትወድቃለች። ብዙ ሰው ይህን ፊልም «ሥራ ወይስ ፍቅር» እያለ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ባልየውን እዪው እልሻለሁ። ጁልያን የሙዚቃ ደራሲ ነው። ካገባ በኋላም ኦፔራውን ይጽፋል። አንድ ሌሊት እሱ ፒያኖው ጋ ሆኖ ሲሠራ፣ እሷ መሳቢያ ከፍታ የዳንስ ጫማዋን ታያለች። ትዳርም ሥራም አንድ ጣሪያ ሥር አብረው ሲኖሩ ይታያል እኮ! ለእሱ ሆነ። ለእሷ ነው ያልሆነው። ፊልሙ አንድም ጊዜ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ያንቺም ጥያቄ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። «ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል ወይ?» እያልሽ ነው እንቅልፍ ያጣሽው። እሱ ግን የራሱን ሥራ ይዞ አንቺን ሲያጭ ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ የሚያውቅ አይመስለኝም። ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። የሚጠይቀው ስላልነበረ ነው።

የአሁኖቹ ፊልሞች ይሻላሉ ትዪኝ ይሆናል። አንዳንዶቹ አዎ። ግን እነሱም ሌላ ወጥመድ አላቸው። የማይደክማት፣ የማታለቅስ፣ የማንንም እርዳታ የማትፈልግ ሴት ያሳዩናል። የዓመታት ትግሏን በሦስት ደቂቃ ሙዚቃ ያሳልፉታል። መጽሐፍ ስትገልጥ፣ ስትሮጥ፣ ሲነጋ፣ ሲመሽ፣ ከዚያ ጭብጨባ። በመሃል ልብሱን ማን አጠበ? የታመመውን ማን አስታመመ? የቤት ኪራዩ ከየት መጣ? ተቆርጦ ወድቋል። ቤልጅየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የተቆረጠውን ይዛ መጣች። «ዣን ዲልማን» ከሦስት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ አንዲት ሴት ድንች ስትልጥ ቁጭ ብለሽ ታያለሽ። በ2022 አንድ የታወቀ የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት ተቺዎችን አሰባስቦ ባስመረጠው የዘመናት ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ የወጣው ይኸው ፊልም ነው።

በጣም የምወደው አንድ እውነተኛ ታሪክም አለ፤ ፊልሙ አበላሸብኝ። «ሂድን ፊገርስ»ን አይተሽዋል? የ2016 ፊልም ነው፤ በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ስለሠሩ ጥቁር ሴት የሒሳብ ሰዎች ይተርካል። አንቺም የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ትወጂዋለሽ። ካትሪን ጆንሰን ለጥቁሮች ወደተለየው መጸዳጃ ቤት በዝናብ ስትሮጥ ታያለሽ። በመጨረሻ ነጩ አለቃዋ ምልክቱን በብረት ሰብሮ ይጥልላታል፤ ተመልካቹም ደስ ይለዋል። ይህ ግን አልሆነም። እውነተኛዋ ካትሪን ጆንሰን ምልክት የሌለበት፣ ለነጮች የታሰበ መጸዳጃ ቤት ትጠቀም ነበር፤ ቅሬታ ሲመጣም ዝም ብላ ቀጠለች። በመጸዳጃው ነገር የተዋረደችው ሜሪ ጃክሰን ነበረች። ምልክት ያነሳውም ወንድ አልነበረም፤ የተነሳውም የመጸዳጃ ቤት ምልክት አልነበረም። በመመገቢያ አዳራሹ ጠረጴዛ ላይ «ጥቁር» የሚል ጽሑፍ ይቀመጥባቸው ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ሚርያም ማን አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌላ አመጡ። ያንንም ከተተችው። ማስቀመጡ እስኪሰለቻቸው ድረስ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ቆየች። ከዚህ የሚበልጥ ትዕይንት ማን ይጽፋል? ፊልሙ ግን ጀግንነቱን ለአለቃው ሰጠው።

አንቺ እንድታዪው የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ በ1963 የሠራው «ማሃናጋር» ነው፤ ትልቁ ከተማ ማለት ነው። ካልካታ ነው የሚሆነው። ሱብራታ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ደሞዙ ለቤተሰቡ አይበቃም። ሚስቱ አራቲ ከቤት ውጭ ሠርታ አታውቅም። ችግሩ ሲበዛ እሷም ሥራ ለመያዝ ትወስናለች። ሹራብ መሥሪያ ማሽን በየቤቱ እየዞረች መሸጥ ትጀምራለች። አማቷ ያኮርፋሉ። ትንሹ ልጇ ያኮርፋል። የመጀመሪያ ደሞዟን የተቀበለች ቀን መታጠቢያ ክፍል ትገባለች። ማንም የለም። አዳዲሶቹን ብሮች በእጇ ይዛ መስተዋቱ ውስጥ ራሷን ታያለች። አትናገርም፣ አትጨፍርም። ራሷን ልክ እንደ አዲስ ሰው ነው የምታየው። ያቺ ሴት እዚያ መስተዋት ፊት ብቻዋን ናት፤ ማንም ግን ብቸኛ አይላትም።

ከዚያ ሱብራታ ይፈራል። ክፉ ሰው አይደለም። ይወዳታል። እሷ እየደመቀች ስትሄድ ግን እሱ እያነሰ የሄደ ይመስለዋል። ሥራሽን ልቀቂ ይላታል። የመልቀቂያ ደብዳቤውን ይዛ በሄደችበት ዕለት እሱ የሚሠራበት ባንክ ይዘጋል። ስልክ አንስቶ «አትልቀቂ» ይላታል። ልቀቂም አትልቀቂም ያላት እሱ ነበር። በኋላ ግን አራቲ በራሷ ውሳኔ ሥራውን ትለቃለች። ኢዲት የምትባል ባልደረባዋ በግፍ ስለተባረረች ነው። ባልና ሚስቱ ሥራ አጥ ሆነው መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ትፈራለች። ይህ ሁሉ ሥራ ባለበት ከተማ ለአንዳችን እንኳ አይገኝም? ትለዋለች። ጎን ለጎን ሆነው ከሕዝቡ ጋር ይቀላቀላሉ። ያኔ ነው እውነተኛ ባልና ሚስት የመሰሉኝ።

አሁን ወደ «አየሽ?» ልመለስ።

እጮኛሽ ምን ማለቱ እንደሆነ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም። «ላጣሽ ነው ብዬ ፈራሁ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። «አትሂጂ» ማለቱ ሊሆን ይችላል። እንደው አፉ ላይ የመጣለትን ተናግሮ ረስቶትም ይሆናል። ሦስቱ እጅግ ይለያያሉ። አንቺ ግን ሳትጠይቂው ከሦስቱ የከፋውን መርጠሽ ስንት ሌሊት አብረሽው አደርሽ።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። በወጣትነቴ እንዳንቺው ያለ ዕድል መጥቶልኝ ነበር። ማንም አልከለከለኝም። ባለቤቴ ቅር እንደሚለው በልቤ ደመደምኩና ሳልነግረው «አልሄድም» ብዬ መለስኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ በጨዋታ መሃል አነሳሁት። የሬዲዮ ክዳን ፈትቶ እየጠገነ ነበር። ቀና ሳይል «ለምን አልነገርሽኝም? አብረን እንሄድ ነበር እኮ» አለኝ። ያንን ቀን እስካሁን አልረሳሁትም።

ስለዚህ ጠይቂው። በጽሑፍ መልእክት አይሁን። ተናደሽም አይሁን። «ቅዳሜ ማታ አየሽ ያልከኝ ምን አይተህ ነው?» በዪውና ዝም በዪ። ቶሎ ካልመለሰ አንቺ አትሙዪለት፣ እስኪጨርስ ጠብቂው። ከዚያ በኋላ ሁለታችሁም ፊልሞቹ ቆርጠው የሚጥሉትን ነገር አንሱ። በስንት ጊዜ ትገናኛላችሁ? የሚመላለሰው አንቺ ብቻ ነሽ ወይስ በየተራ? የጉዞው ገንዘብ ከየት ይመጣል? ሠርጉ ከመሄድሽ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እሱ እዚያ ከተማ ሥራ ማግኘት ይችላል? አንድ ነገር ደግሞ በእርጋታ ጠይቂው፤ «ይህ ዕድል ላንተ መጥቶ ቢሆን ከእኔ ምን ትጠብቅ ነበር?» ለመክሰስ አይደለም። በእውነት አስቦበት እንደሆነ ለማወቅ ነው።

ራስ ወዳድ አይደለሽም። ራስ ወዳድ ሰው በልቡ ወስኖ፣ ሻንጣውን ዘግቶ ነው የሚናገረው። አንቺ ዜናውን በሰማሽበት ቀን ነገርሽው።

ቀላል ነው ብዬ ግን አልዋሽሽም። ሁለት ዓመት ርቀት ከባድ ነው። የሚፀና ፍቅር አለ፣ የሚላላም አለ። አዲስ ቦታ፣ አዲስ ኃላፊነት፣ ማታ ማታ ባዶ ቤት። የምታለቅሺበት ቀን ይኖራል። ስታለቅሺ «ፊልሙ እውነቱን ነበር» እንዳትዪ ብቻ እፈራለሁ። ወንድም አዲስ ከተማ ሄዶ ሥራ ሲጀምር ይከፋዋል፤ ማንም ግን ቅጣት ነው ብሎ አይቀርጸውም።

ሲናገር ፍርሃት ከሆነ፣ ፍርሃት አብሮ ይያዛል፤ መላ ይፈለግለታል። «ሴት ልጅ ከባሏ በላይ መሆን የለባትም» ካለሽ ግን እህቴ፣ ያን የሰማሽው ከሠርጉ በፊት መሆኑ በጅቶሻል። ያኔ የሚያስጨንቅሽ የዓርቡ ጉዳይ ብቻ አይሆንም፤ ያን ጊዜ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልኝ።

መሥሪያ ቤትሽንም እስከ ዓርብ ድረስ ጥቂት ነገር ጠይቂ፤ መልሱን በጽሑፍ ይስጡሽ። የቤት ኪራይ ይሸፍናሉ? በዓመት ስንት ቀን ዕረፍት አለሽ? ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ የምትመለሺበት ቦታ ይጠብቅሻል? አንቺ የቁጥር ሰው ነሽ፤ መልሱ እጅሽ ሲገባ ጭንቀትሽም ቀለል ይልልሻል።

እና ዛሬ ማታ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይበራ፣ ከጎኑ ቁጭ በዪና ጠይቂው።